ግራ እግርን ሥራ ማስያዝ፦ ከአውቶማቲክ ወደ ማንዋል መኪና

ባሕር ዳር ውስጥ ለስድስት ዓመት ያሽከረከርኩት አውቶማቲክ ቪትዝ ነበር። ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ገበያ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ቤተሰብ ይዤ ወደ ሐይቁ ዳር ስመላለስ ግራ እግሬ አንድም ቀን ሥራ ኖሮት አያውቅም። ለመስክ ሥራ የተመደበልኝ ፒክአፕ ማንዋል ሆኖ ሲመጣ፣ መንጃ ፈቃዴን ከዓመታት በፊት ያወጣሁት በማንዋል ተፈትኜ ቢሆንም፣ ከግቢው በር ሳልወጣ ሞተሩን ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። ጥበቃው በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ይጠብቀኝ ነበር፤ በሦስተኛው ጊዜ ግን ምንም ሳይናገር መልሶ ገርበብ አደረገው።

ይህ ጽሑፍ እንደዚያ በር ላይ ለቆሙ ሰዎች የተጻፈ ነው። መስታወት ማየት፣ መሪ መያዝ፣ ከባጃጅና ከብስክሌት ጋር ተጠባብቆ መሄድ የሚያውቅ አሽከርካሪ መንዳትን እንደ አዲስ አይማርም። የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፤ በአውቶማቲክ መኪና በሞተሩና በጎማው መካከል ሆኖ ዘይት ሲሠራው የነበረውን ሥራ በማንዋል መኪና ግራ እግር ይረከበዋል። ትምህርቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በትእዛዝ ነው፤ ፍሪሲዮን (በግራ እግር የሚረገጠውን ፔዳል) ርገጥ፣ ማርሽ አስገባ፣ ቀስ ብለህ ልቀቅ ይባላል። ትእዛዙ ስሕተት የለበትም። ሆኖም «ቀስ» የሚባለው የቱ ጋ እንደሆነና ለምን እንደሆነ ካልተነገረ፣ ተማሪው ፔዳሉን ከታች እስከ ላይ እኩል እያዘገመ ይለቅና ቀስ ማለት በሚያስፈልገው ቦታ ላይ ሲደርስ ትዕግሥቱ ያልቃል።

ነገሩ የሚጀምረው ከሞተሩ ጠባይ ነው። በቤንዚን ወይም በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ከዜሮ ተነሥቶ ጉልበት መስጠት አይችልም። መኪናው ቆሞ ሳለ እንኳ ሞተሩ በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ ከዚያ በእጅጉ ዝቅ ካለ ይንገጫገጭና ይጠፋል። ጎማው ግን መኪናው ሲቆም ጨርሶ አይዞርም። በደቂቃ 800 ጊዜ የሚዞርን ብረት ከማይዞር ብረት ጋር በአንድ ቅጽበት ማጋጠም ማለት ወይ ጎማው በድንገት ተነጥቆ መኪናው እንዲዘል፣ ወይ ሞተሩ ታንቆ እንዲጠፋ ማድረግ ነው። ጀማሪ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ተከታትለው ይመጣሉ፤ መኪናው አንዴ ወደ ፊት ይዘልና ጸጥ ይላል።

ስለዚህ በመካከላቸው አስታራቂ ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ አውቶማቲክ መኪኖች አስታራቂው ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል፣ በዘይት የተሞላ ክብ ዕቃ ነው። ሁለት ማራገቢያዎችን ፊት ለፊት አስቀምጠን አንዱን ብቻ ብናስነሣ፣ ማራገቢያዎቹ ሳይነካኩ ከተነሣው የሚወጣው ነፋስ ሁለተኛውን ቀስ በቀስ ያዞረዋል። በቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ የነፋሱን ሥራ የሚሠራው ዘይት ነው። ፍሬን ተረግጦ መኪናው ሲቆም ሞተሩ ዘይቱን እያማሰለ ይቆያል እንጂ አይታነቅም፤ ፍሬኑ ሲለቀቅ ደግሞ ነዳጅ ሳይሰጥ መኪናው በራሱ ሸርተት ማለት ይጀምራል። የአውቶማቲክ አሽከርካሪ ይህን ሸርተቴ ስለለመደው የመኪና ሁሉ ተፈጥሮ ይመስለዋል።

በማንዋል መኪና በዚያ ቦታ ላይ ያለው ፍሪሲዮን ነው። ከሞተሩ ጋር የሚዞር ቮላኖ የሚባል ከባድና ልሙጥ የብረት ክብ አለ። ፊት ለፊቱ ከካምቢዮው (ማርሾቹ ካሉበት ሳጥን) ዘንግ ጋር የተያያዘ፣ በሁለቱም ገጹ ሸራ የሚባል ማፋተጊያ የለበሰ ቀጭን ዲስክ ይቀመጣል። ከዲስኩ ጀርባ ደግሞ በጠንካራ ስፕሪንግ እየተገፋ ዲስኩን ቮላኖው ላይ የሚያጣብቅ ሌላ ብረት አለ። ፔዳሉ ሳይነካ ሦስቱ ተጣብቀው እንደ አንድ አካል ይዞራሉ። ፔዳሉ እስከ ታች ሲረገጥ ስፕሪንጉ ይለቅና ዲስኩ ነፃ ይሆናል፤ ሞተሩ ለብቻው፣ ጎማው ለብቻው ይቀራሉ። ብዙ ተማሪ ፍሪሲዮንን እንደ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ ያስበዋል፤ ወይ ተጣብቋል፣ ወይ ተላቋል። ዋናው ጉዳይ ግን በሁለቱ መካከል ያለችው ጠባብ ቦታ ናት፤ እዚያ ላይ ሸራው ቮላኖውን ይነካዋል፣ እየተንሸራተተ ይታከከዋል፣ የፍጥነቱን ልዩነት ቀስ በቀስ ይበላዋል። በመሄድ ላይ ያለ ባጃጅ ላይ የሚንጠላጠል ጎረምሳ አስቀድሞ ጎን ለጎን ጥቂት ይሮጣል፤ ፍጥነቱ ሲስተካከል ብቻ እግሩን ያነሣል። ዲስኩም እንደዚሁ የሚሮጥበት ጊዜ ያስፈልገዋል።

ያ ጊዜ ምን ያህል ነው ለሚለው ትንሽ ስሌት ይረዳል። በአንድ ተራ ትንሽ መኪና አንደኛ ማርሽ ላይ፣ ከማርሹና ጉልበቱን ለጎማዎቹ ከሚያካፍለው ከዲፈረንሻሉ ጥርሶች ብዛት የተነሣ፣ ሞተሩ 14 ጊዜ ገደማ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። ሞተሩ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር ጎማው 57 ጊዜ ያህል ዞረ ማለት ነው። የጎማው ዙሪያ 1.8 ሜትር ቢሆን መኪናው በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ የቸኮለ እግረኛ ማለት ነው። እንግዲህ ግራ እግር የሚያስታርቀው ልዩነት ከዜሮ እስከ ቸኮለ እግረኛ ድረስ ያለውን ብቻ ነው። አምስተኛ ማርሽ ላይ ግን ሞተሩ ሦስት ጊዜ ገደማ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል፤ በዚያው 800 ዙር መኪናው በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ ይኖርበታል። በአምስተኛ ለመነሣት የሞከረ ሰው ሞተሩን የሚያጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናትና ባለ ማርሽ ብስክሌት የነዳ ሁሉ ይህን በጉልበቱ ያውቀዋል፤ በከባዱ ማርሽ ከቆመበት ለመነሣት የሞከረ ሰው ፔዳሉ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ዕድሜውን በአይሱዙ ያሳለፈው አጎቴ እኔን ለማስተማር ሲስማማ መጀመሪያ ያደረገው ነዳጅ መስጫውን መከልከል ነው። ከከተማው ወጣ ያለ ደረቅና ደልዳላ ሜዳ ላይ ወሰደኝና «ቀኝ እግርሽ ዛሬ ፍሬን ላይ ብቻ ነው» አለኝ። ወንበሩን ወደ ፊት አስጠጋሁ፤ ፍሪሲዮኑ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ጉልበት ጥቂት ታጥፎ መቅረት አለበት፤ እግሩ ከተወጠረ ፔዳሉን በጣት ጫፍ መድረስ ይሆናል። ሸበጥ አውልቄ ሶሉ ቀጭን የሆነ ጫማ አደረግሁ። ከዚያ ፍሪሲዮን እስከ ታች፣ አንደኛ ማርሽ፣ ፍሬኑ ተለቀቀ። ሜዳው ደልዳላ ስለሆነ መኪናው አልተንቀሳቀሰም።

አሁን ፔዳሉ ይለቀቃል። የመጀመሪያው ክፍል ምንም አይሠራም፤ ባዶ ጉዞ ነውና ፈጠን ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ የሞተሩ ድምፅ ጎርነን ይላል። በዳሽቦርዱ ላይ የዙር መለኪያ ካለ መርፌው ከ800 ወደ 700 ዝቅ ሲል ይታያል። መሪው ላይ ያረፈ እጅ ቀላል ንዝረት ይሰማዋል፤ ኮፈኑ፣ አስተውሎ ላየው፣ የጣት ጥፍር ያህል ቀና ይላል። አሽከርካሪዎች ባላንስ የሚሉት ይህንን ነው። አጎቴ እዚያ ላይ «ያዢው፤ አትልቀቂ፣ አትርገጪ» አለኝ። እግሬ ቆመ። መኪናው አንድ ሁለት ሰከንድ አሰበና መራመድ ጀመረ፤ ከጎማው ሥር አሸዋው ሲንቋቋ ይሰማኝ ነበር። ፔዳሉን ሙሉ በሙሉ የለቀቅሁት መኪናው በራሱ መሄድ ከጀመረ በኋላ ነው። ይህን ያለ ነዳጅ ሠላሳ ጊዜ ያህል አስደገመኝ፤ በመጨረሻው ላይ መርፌውን ማየት ትቼ በጆሮዬ ብቻ አደርገው ነበር።

ይህ ልምምድ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ነዳጅ እየተሰጠ ፍሪሲዮንን መማር ሁለት የማይታወቁ ነገሮችን በአንድ ጊዜ መፈለግ ነው፤ መኪናው ሲዘል ጥፋቱ የየትኛው እግር እንደሆነ አይታወቅም። ባላንሱ ያለበት ቦታ በእግር ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ ነዳጅ መጨመር ቀላል ነው፤ ሞተሩን ወደ 1,200 ወይም 1,500 ዙር ከፍ አድርጎ መያዝ፣ ፍሪሲዮኑን ወደ ባላንስ ማምጣት፣ ድምፁ ሲጎረንን ነዳጁን ጥቂት መጨመርና ለአንድ ሁለት ሰከንድ እዚያው መቆየት፣ ከዚያ መልቀቅ ነው። ባላንሱ ከመኪና መኪና ይለያያል፤ ሸራው እያለቀ በሄደ መጠንም በብዙ መኪኖች ከፍ እያለ ይሄዳል። የሌላ ሰው መኪና የሚቀበል ልምድ ያለው ሾፌር ሳይነሣ በፊት አንዴ ፔዳሉን ነካ ለቀቅ ሲያደርግ የሚታየው ቦታውን ለማወቅ ነው።

ሞተር መጥፋቱ መኪናውን አይጎዳውም፤ የሚጎዳው ኩራትን ነው። ከኋላ ያለው ባጃጅ ጥሩምባውን መንፋቱ አይቀርም። ሲጠፋ ፍሬን ይረገጣል፣ ፍሪሲዮን ይረገጣል፣ ማርሹ ወደ ዜሮ (የትኛውም ማርሽ ወዳልገባበት ቦታ) ይመለሳል፣ ሞተሩ ይነሣል፣ እንደ መጀመሪያው ይጀመራል። ከሦስት ሰከንድ አይበልጥም። አደጋ የሚያመጣው መጥፋቱ ሳይሆን ከጠፋ በኋላ የሚመጣው ጥድፊያ ነው፤ ማርሹ አንደኛ ላይ እንዳለ፣ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ቁልፉን ያዞረ ሰው መኪናው በማስነሻው ሞተር ብቻ ወደ ፊት ይዘልበታል፤ ፊቱ የቆመ ብስክሌተኛ ካለ ጉዳዩ ሌላ ነው። ብዙ አዳዲስ መኪኖች ፍሪሲዮን ካልተረገጠ አይነሡም፤ አሮጌዎቹ ግን ይነሣሉ።

ለአውቶማቲክ አሽከርካሪ ከመነሣት ይልቅ መቆም ነው የሚያዘናጋው። ስድስት ዓመት ፍሬን ብቻ ረግጦ የቆመ ሰው መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርስ ፍሪሲዮኑን ይረሳና መኪናው ተርገፍግፎ ይጠፋል። አንዳንዱ ይህን ፈርቶ ገና ከሩቅ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ይንሸራተታል፤ ያም ሞተሩ መኪናውን ከኋላ የሚይዝበትን ኃይል መጣል ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ፍሬን፣ ሊቆም ጥቂት ሜትር ሲቀረው ፍሪሲዮን ነው። ሕፃን ዘልሎ መንገድ ከገባ ግን ቅደም ተከተል የለም፤ ሁለቱም ባንድ ላይ እስከ ታች ይረገጣሉ፤ ሞተሩ ከጠፋም ይጥፋ።

የማርሽ ቅያሪው የሚፈራውን ያህል አይደለም። የማርሹ ዱላ ሁልጊዜ ወደ መሃል የሚመልሰው ስፕሪንግ አለውና ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲኬድ እጅ ቀለል አድርጎ ወደ ፊት ቢገፋ ዱላው መንገዱን ራሱ ያገኘዋል፤ አንቆ የያዘው እጅ ነው ወደ አንደኛ ወይም ወደ አምስተኛ የሚያስገባው። ትንሽ የቤንዚን መኪና ላይ ወደ ሁለተኛ በሰዓት በ15 ወይም በ20 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ሦስተኛ በ30 ገደማ፣ ወደ አራተኛ በ45 ወይም በ50፣ ወደ አምስተኛ ከ60 በላይ ቢገባ ይስማማል፤ ዞሮ ዞሮ ዳኛው ጆሮ ነው። ሞተሩ ሲጮህ ወደ ላይ፣ ሲንቀጠቀጥና ሲያቃስት ወደ ታች ይቀየራል። ካምቢዮው ውስጥ የሚገናኙትን ሁለት ጥርሶች አስቀድመው በማሻሸት ፍጥነታቸውን የሚያስተካክሉ ቀለበቶች ስላሉ፣ ዱላው ግማሽ መንገድ ላይ ለቅጽበት እምቢ ቢል ቀለበቱ ሥራውን እየሠራ ነውና ጠበቅ አድርጎ መጠበቅ እንጂ መምታት አይገባም። በብዙ መኪኖች የኋላ ማርሽ ይህ ቀለበት የለውም፤ መኪናው ፈጽሞ ሳይቆም ወደ ኋላ ለማስገባት ሲሞከር የሚሰማው የጥርስ ፍጭት ከዚያ ይመጣል። የከተማችን የባጃጅ ሾፌር ይህን ሁሉ፣ ፍሪሲዮኑንም አራቱን የፊት ማርሽም፣ በአንድ ግራ እጁ እያዞረ ይሠራዋል፤ ሳየው እቀናለሁ።

ባሕር ዳር ለጀማሪ የምትመች ከተማ ናት፤ ጎዳናዎቿ ሰፋፊና ደልዳላ ናቸው። ያ ምቾት ግን አንድ ትምህርት ይሸሽጋል፤ ከተማዋ ውስጥ ብቻ የተማረ ሰው ዳገት ላይ መነሣት ሳይፈተን ፈተና አልፎ ሊኖር ይችላል። ለዚህ ከከተማው ወጣ ብሎ ዓባይን ቁልቁል የሚያየው የበዛዊት ኮረብታ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት ማለት ነው፣ ጥሩ መምህር ነው። አውቶማቲክ መኪና ለስላሳ ዳገት ላይ ፍሬን ሲለቀቅ ዘይቱ ይይዘዋል፤ ማንዋል መኪና ግን ፍሪሲዮን እንደተረገጠ የሚይዘው ነገር ስለሌለ እግር ከፍሬን ወደ ነዳጅ እስኪሻገር ድረስ ወደ ኋላ ይንከባለላል። መድኃኒቱ የእጅ ፍሬን ነው። የእጅ ፍሬኑ ተስቦ መኪናው ይቆማል፤ አንደኛ ማርሽ ይገባል፤ ሜዳ ላይ ከሚሰጠው በለጥ ያለ ነዳጅ ይሰጣል፤ ፍሪሲዮኑ ወደ ባላንስ ይመጣል። መኪናው የኋላ እግሩን ያጠፈ ያህል ኋላው ዝቅ፣ ኮፈኑ ቀና ሲል የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል። መኪናው አንድ ስንዝር እንኳ ወደ ኋላ ሳይል ይነሣል። ኮፈኑ ቀና ሳይል የእጅ ፍሬኑን የለቀቀ ሰው ግን ከኋላው ያለውን ሰው ፊት በመስታወት ሲለዋወጥ ያየዋል።

እዚህ ላይ በኢንተርኔት የሚገኙ የማስተማሪያ ቪዲዮዎች የማይነግሩን ነገር አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ጉልበቱ የሚመጣው ከሚስበው አየር ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በቆላ አገር ወይም በባሕር ዳርቻ የተቀረጸ ትምህርት «ትንሽ ነዳጅ ስጥ» ሲል፣ አምስት ሰው የጫነች ትንሽ መኪና በዛዊት ላይ በዚያች ትንሽ ነዳጅ ብትሞከር ትጠፋለች። ተማሪው ራሱን ከመውቀሱ በፊት ነዳጁን ጨመር ያድርግ። ቱርቦ ያላቸው የናፍጣ ፒክአፖች አየሩን ራሳቸው አምቀው ስለሚያስገቡ ይህ ብዙም አይሰማቸውም።

ዳገት ላይ ሌላ ፈተና አለ፤ መኪናውን በፍሬን ሳይሆን በባላንስ አንጠልጥሎ ማቆየት ነው። የሚያደርጉት ሰዎች ጥበብ አድርገው ያዩታል። ሸራው ግን በዚያን ጊዜ ሁሉ ቮላኖው ላይ እየተፋተገ ነው፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ የተቃጠለ ጎማና ወረቀት የተቀላቀለበት የሚመስል ሽታ ጋቢናውን ይሞላዋል። ያ ሽታ የሸራው ዕድሜ ነው። ሸራው ራሱ ውድ ላይሆን ይችላል፤ እሱን ለመቀየር ግን ካምቢዮው መውረድ አለበትና ዋጋው እዚያ ላይ ነው። እግርን ሳያውቁት ፍሪሲዮን ላይ አሳርፎ መንዳትም ያው ነው፤ ፔዳሉ ጥቂት እንኳ ከተጫነ ስፕሪንጉ በሙሉ ኃይሉ አያጣብቅም፣ ስፕሪንጉን የሚገፋው ኩሽኔታም ያለ ዕረፍት ይዞራል። የትራፊክ መብራት ላይ ረዘም ያለ ጥበቃ ካለ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ግራ እግርን ወለል ላይ ማሳረፍ ይሻላል።

ቁልቁለት ከዳገት ይልቅ ሊጠና ይገባዋል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው በሐሙሲትና በወረታ በኩል የፎገራን ሜዳ ሲያቋርጥ አምስተኛ ማርሽ ላይ ሆኖ ስለ ካምቢዮ ሳያስብ ይነዳል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ግን ደጀን ላይ የዓባይ በረሃ ይጠብቀዋል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከወንዙ ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን እንደገና ይወጣል። ይህን ሁሉ በፍሬን ብቻ የወረደ ሰው የመኪናውን የቁልቁለት ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት እየለወጠ ፍሬኑ ውስጥ ያከማቻል። የፍሬኑ ሸራ ከመጠን በላይ ሲግል መያዙን ይቀንሳል፤ የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል፤ ያኔ የእግር ጉልበት ምንም አይጠቅምም።

በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ማለት ሞተሩን እንደ ፍሬን መጠቀም ነው። ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ጎማው ሞተሩን ይጎትተዋል፤ ሞተሩም አየር እየሳበና እያመቀ ለመዞር ስለሚቸገር መኪናውን ይይዘዋል፤ ማርሹ ዝቅ ባለ መጠን አያያዙ ይጠነክራል። የድሮ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት በዚህ የተነሣ ነው፤ ዳገቱን ለመውጣት ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ የሚያስፈልግ ከሆነ ለመውረድም ያው ነው። ማርሹ መግባት ያለበት ከቁልቁለቱ በፊት፣ መኪናው ገና ዝግ ሲል ነው። በ80 እየተወረደ ሁለተኛ ማርሽ ማስገባት ሞተሩን ከአቅሙ በላይ ያሽከረክረዋል፤ ጎማውም ሊንሸራተት ይችላል። አውቶማቲክ መኪናም ዱላው ላይ 2 ወይም ኤል የሚል ቦታ ያለው ለዚህ ነበር፤ እኔ በስድስት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አልነካሁትም።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ቁልቁለት መልቀቅ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። አደገኛነቱን መናገር አያስፈልግም፤ የሚገርመው ቁጠባውም የሌለ መሆኑ ነው። ነዳጁ በኮምፒውተር በሚታዘዝ መርጫ የሚገባባቸው መኪኖች ማርሽ ገብቶ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ፣ ሞተሩ በጎማው ግፊት ስለሚዞር፣ መርጫውን ጨርሰው ይዘጉታል፤ በዚያን ጊዜ የሚቃጠል ነዳጅ የለም። ማርሹ ዜሮ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ራሱን ለማዞር ነዳጅ መጠጣት አለበት። ባለ ካርቡሬተር በሆኑት አሮጌ መኪኖች ሒሳቡ የተለየ ቢሆንም በረሃው ያው በረሃ ነው።

ማንዋል መኪና ላይ ፒ የሚል የማቆሚያ ቦታ የለም። ሲቆም የእጅ ፍሬኑ ይሳባል፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ አንደኛ ወይም የኋላ ማርሽ ገብቶ ይተዋል፤ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ቢላላ እንኳ የቆመው ሞተር ጎማውን ይይዘዋል። በነጋታው የሚያስነሣው ሰው ይህን ማወቅ አለበት፤ ዱላውን ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርጎ ዜሮ መሆኑን ማረጋገጥ ወደ እጅ ጠባይ መለወጥ ይኖርበታል።

ለዚህ ሁሉ ድካም ማንዋል የሚከፍለው አንድ ውለታ አለ። ባትሪ ሲሞት ተገፍቶ ይነሣል። ቁልፉ ይከፈታል፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ሁለተኛ ማርሽ ይገባል፣ ሦስት አራት ጎረምሶች ከኋላ ይገፋሉ፤ መኪናው የሩጫ ፍጥነት ሲይዝ ፍሪሲዮኑ በድንገት ይለቀቅና ጎማው ሞተሩን ያስነሣዋል፤ እንደተነሣ ፍሪሲዮኑ ወዲያው ይረገጣል። እዚህ ላይ ባላንስ አያስፈልግም፤ እስካሁን ስንሸሸው የኖርነው መንጠቅ ራሱ ነው የሚፈለገው። ሁለተኛ የሚመረጠው አንደኛ ጎማውን አጥብቆ ስለሚይዝና መኪናውን ስለሚያስቆመው ነው። በአውቶማቲክ ይህ አይሞከርም፤ ሞተሩ ሳይዞር ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ስለማይሠራ የጎማው ጉልበት ወደ ሞተሩ የሚደርስበት መንገድ የለውም።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ይህን መማር ምን ይጠቅማል የሚል አለ። የኤሌክትሪክ ሞተር ከዜሮ ዙር ጀምሮ ሙሉ ጉልበት ስለሚሰጥ አስታራቂ አያስፈልገውም፤ ፍሪሲዮንም ባላንስም የለውም። ይሁንና በመንገዳችን ላይ ያሉት ሚኒባሶች፣ አይሱዙዎችና የመሥሪያ ቤት ፒክአፖች በአብዛኛው ማንዋል ናቸው፤ በአንድ ጀንበርም አይለወጡም።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ወደ አውቶማቲኩ የሚመለሱበት ቀን ነው። ፒክአፑን አንድ ወር ከነዳሁ በኋላ እሑድ ጠዋት ቪትዟን አስነሥቼ እናቴን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስወስድ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ልቆም ስል ግራ እግሬ ሳላዘው ፍሪሲዮን ፍለጋ ተወረወረ። አውቶማቲክ መኪና ላይ የፍሬኑ ፔዳል ሰፊ ነውና እግሬ ያገኘው ፍሬኑን ነበር፤ ፍሪሲዮን እስከ ታች የሚረግጠው ግራ እግር ደግሞ ፍሬንን በስሱ መንካት አልተማረም። መኪናዋ ባለችበት ተተከለች፤ እናቴ ከነነጠላዋ ወደ ፊት ተወርውራ ቀበቶው ያዛት። ከዚያ ወዲህ ቪትዟ ውስጥ ስገባ ግራ እግሬን ወደ ወንበሩ ሥር አጥፌ ነው የምቀመጠው።